የጉልት እናቶች በሥዕል አዳራሽ

በገበያ ቀን ሶዶ ከወትሮዋ ቀደም ብላ ትነቃለች። ከሁምቦ፣ ከቦዲቲና ከአረካ የሚመጣው መንገድ፣ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደውም ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ ሴቶችን ይዞ ይገባል። አንዷ ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላለች፤ አንዷ ጎደሬ አዝላለች፤ ሌላዋ በጀርባዋ ሕፃን፣ በራሷ ላይ ሙዝ ተሸክማለች። ፀሐይ ከመጠንከሯ በፊት ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ሸክላ ይዘው የመጡት እናቶች እንደ ልማዳቸው ዳር ዳሩን ይቀመጣሉ።

እርስዎም፣ ውድ አንባቢ፣ ከሥራ ሲወጡ ወይም ልጆችዎን ከትምህርት ቤት ሊያመጡ ሲሄዱ በመካከላቸው ብዙ ጊዜ አልፈዋል። ቲማቲም መርጠዋል፣ ዋጋ አስቀንሰዋል፣ ምርቃት ጨምሪልኝ ብለዋል። ለመሆኑ ትናንት ሽንኩርት የሸጠችልዎት ሴት መልኳ ምን ይመስላል? ጠይም ናት ወይስ ቀይ? ዕድሜዋስ? ምናልባት የሚያስታውሱት መልሱን ሲቀበሉ ያዩትን እጇን ብቻ ይሆናል። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ኑሮ ያስቸኩላል፤ ሁላችንም የምናየው ሚዛኑን ነው።

ይህችን የማትታይ ሴት የዓመታት ሥራቸው ያደረጉ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ አሉ። ታደሰ መስፍን ይባላሉ። በትልልቅ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም የሚሥሏቸው ሰዎች መንገድ ዳር ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን የሚቸረችሩ ሴቶች ናቸው። የሥዕሎቹ ተከታታይ ርዕስ በአማርኛ ሲመለስ «የሕይወት ምሰሶዎች» ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ታይተዋል፤ ባሕር ተሻግረው ለንደንም ደርሰዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ እነዚህ ሥዕሎች የማወጋዎት፣ አንድም የሥዕል ትርዒት ማየት የእኛ የእናቶችና የሠራተኞችም ጉዳይ ስለ ሆነ፣ አንድም በሥዕሎቹ ላይ የቆሙት ሴቶች ለሶዶ ሰው እንግዳ ስላልሆኑ ነው።

ሠዓሊ ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1953 ወሎ፣ ወልድያ ተወለዱ። አዲስ አበባ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ይህ ትምህርት ቤት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሲሆን ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በዚያ ሳሉ ካስተማሯቸው አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። ገብረ ክርስቶስ የሐረር ልጅ ሲሆኑ አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ በብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ሠዓሊ ታደሰ ከዚያም ወደ ሌኒንግራድ ተሻግረው በሬፒን የሥነ ጥበብ ተቋም የሰውን አካልና መልክ አጥንተው ተመለሱ፤ ከሠላሳ ዓመታት በላይም በተማሩበት ትምህርት ቤት አስተማሩ። እንግዲህ እጃቸው ከሦስት ወገን የተቀዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ከወሎ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ከዘመናዊው የአዲስ አበባ ትምህርትና ከሩሲያው የአሣሣል ሥርዓት።

ሥዕሎቹን አዲስ አበባ ላይ ቆሜ ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ ያስገረመኝ የሴቶቹ ቁመት ነው። ረጃጅም ናቸው። ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን እንደ ለበሱ፣ አንዳቸው ከአንዳቸው ሳይነካኩ፣ እንደ ዐምድ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰማይ ይሁን ግድግዳ የማይለይ ሰፊ ገላጣ ቀለም አለ። ሸቀጡ ከእግራቸው ሥር ነው፤ ግን እንደ ፎቶግራፍ ቁልጭ ብሎ አይታይም። ቀይ ነጠብጣብ ሲያዩ ቲማቲም፣ አረንጓዴ ሲያዩ ቃሪያ ወይም ጎመን መሆኑን እርስዎ ራስዎ ይሞሉታል። ሠዓሊው የተጨነቁት ለሴቶቹ አቋምና ለፊታቸው ነው። ቀረብ ብለው ካዩት ፊቱም ብዙ አያወራም። አይስቅም፣ አያለቅስም። ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ገዢ የጠበቀ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ አቋም ከየት እንደ መጣ ለመረዳት በአገራችን ማን ይሣል እንደነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎች ግን በጎን ነው የሚሣሉት፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። የሰው ትልቅነትና ትንሽነትም በርቀት አይለካም፤ ክብር ያለው ገዝፎ፣ ሌላው አንሶ ይታያል። ሥዕሉን ያሠራው መኰንን ወይም ወይዘሮ አንዳንዴ ከታች በኩል እጅ ነሥተው እንዲታዩ ይደረግ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የሰው መልክ ሥዕል የነገሥታትና የመሳፍንት ነበር። ጉልት ላይ የምትቀመጥ ሴት ከእነዚህ ከአንዱም ወገን አልነበረችም።

ሠዓሊ ታደሰ ታዲያ ለቅዱሳን የተጠበቀውን ቦታ ለቸርቻሪዋ ሰጡ። ብዙዎቹ ሴቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። ከፊትም ይቁሙ ከኋላ፣ ርቀት አሳንሶ አያሳያቸውም። ከአጠገባቸው ፈረስ የለም፣ ዘውድ የለም፣ የብርሃን አክሊልም የለም፤ ግን አቋማቸው አክሊል ያለበት ሰው አቋም ነው። እኔ በበኩሌ የሥዕሎቹ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

የወላይታ አንባቢ ይህን በሌላ በኩል ሊያየው ይችላል። ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ከገቡ ወዲህ በዚህ አገር አብዛኛው ምእመን ያደገው ግድግዳው ሥዕል በሌለበት የጸሎት ቤት ነው። በመሆኑም ብዙ የወላይታ ልጅ መጀመሪያ ያየው በቀለም የተሣለ የሰው ፊት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይሆን የፀጉር አስተካካይ ቤት በር ላይ ያለው ጎረምሳ፣ ወይም የመማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ነው። ቀለም ማየት ግን ማንም አላስተማረንም። የዱንጉዛን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ከልጅነቷ ስታይ ያደገች ሴት፣ አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር ሲስማማና ሲጣላ ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልጋትም። የሥዕል አዳራሽ በር ላይ ሲደርሱ «እኔ ምን አውቅና» የሚሉ ካሉ ይህን ያስታውሱ።

ስለ ሁለት ቃላት ጥቂት ልበል። በአማርኛ «የቤቱ ምሰሶ» የሚባለው ዘወትር አባወራው ነው። ሲሞትም «ምሰሶው ተሰበረ» ተብሎ ይለቀሳል። ምሰሶ ግን ቤት ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? መካከል ላይ ቆሞ ጣሪያውን ይሸከማል፤ ጭስ ያጠቁረዋል፤ ልጆች ይደገፉታል፣ ዕቃ ይንጠለጠልበታል፤ እስኪዘም ድረስ ግን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። በዚህ ዓይን ካየነው ስሙ ለማን እንደሚገባ እርስዎ ይፍረዱ። ሁለተኛው ቃል «ጉልት» ነው። በቀድሞ ዘመን ጉልት ሲባል ንጉሥ ለመኰንን ወይም ለገዳም የሚሰጠው፣ ግብር የሚበላበት ርስት ነበር። በዛሬዋ ከተማ ጉልት ማለት ግን በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ አምስት መደብ ቲማቲም ተደርድሮ የሚሸጥበት ቦታ ነው። ዝናብ ሲመጣ የሚነሣ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚሸሽ ጉልት። በዚህ ጉልት ግን ልጅ ይማርበታል፣ የቤት ኪራይ ይከፈልበታል፣ ዕቁብ ይጣልበታል።

ሥዕሎቹን ሶዶ የሚገኙ ባለቤቶቻቸው ቢያዩአቸው ምን ይሉ ይሆን በማለት፣ የጥቂቶቹን ቅጂ በስልኬ ይዤ ገበያ ወርጄ ነበር። ቅቤ ሻጯ እናት በመጀመሪያ ያየችው ሴቲቱን ሳይሆን ሸቀጡን ነው፤ እንዲህ ተድበስብሶ ከቀረበ ማን ይገዛዋል ስትል ጠየቀችኝ። ዝንጅብል የምትሸጥ ጎረቤቷ በበኩሏ ሁሉም ስለምን እንደ ቆሙ አልገባትም። ቆሞ የሚሸጥ አዟሪ ነው፤ ጉልት ላይ ያለ ይቀመጣል፤ ወገብ የሚቆረጠውም በመቀመጥ ነው አለችኝ። አንዲት ወጣት ደግሞ ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ምን እንዳሳቃት ግን አልነገረችኝም። ከሁሉም የከረረው ጥያቄ የመጣው ከአንዲት አሮጊት ነው። ለቆሙበት ተከፈላቸው ወይ አሉኝ።

ሦስቱም ጥያቄዎች የሚገባቸው ናቸው። የሸቀጡ መድበስበስ ዓላማው ግልጽ ነው ብያለሁ። ስለ መቆማቸው የዝንጅብል ሻጯ ትክክል ናት፤ ጉልት በመቀመጥ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሥዕሎቹም የወገብ ሕመሙን፣ ጭቃውን፣ የገዢውን ንትርክ አያሳዩም። ይህ ለእኔም ጎደሎ ሆኖ ታይቶኛል። ጸጥታቸው ከመጠን በላይ ሆኖ፣ ገበያው ውስጥ ያለውን ሳቅና ስድብ፣ ሐሜትና መረዳዳት ያጣሁበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከላይ ወደ ታች የምትታየውን ሴት ሠዓሊው ማስነሣታቸው በራሱ አንድ ንግግር ነው። ቆማ ስትታይ እኛ ነን ቀና ብለን የምናያት።

የአሮጊቷ ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ባየኋቸው ሥዕሎች ርዕስ ላይ የሴቶቹ ስም የለም። ሥዕሉ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጣል፤ ገዢው ባለ ገንዘብ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚኖረው ባሕር ማዶ ነው። ሠዓሊም የእጁን ዋጋ ሊያገኝ ይገባል፤ ዓመታት የተማረበትና ያስተማረበት ሙያ ነው። ሆኖም የጉልቷ ሴት መልክ ለንደን ላይ በነጭ ግድግዳ ተሰቅሎ፣ እርሷ ራሷ ግን አዳራሹ ደጃፍ ደርሳ የማታውቅ ከሆነ አንድ የጎደለ ነገር አለ። ጉድለቱ የሠዓሊው ብቻ አይደለም። ሥዕል የምናይበትን ቦታ ከአዲስ አበባ ሳናወጣ የቆየነው እኛ ሁላችን ነን። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የስብሰባ አዳራሽም አላት። ስብሰባ በሌለበት ሳምንት በአንዱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕል ቢሰቀል ለገበያ የመጣች እናት ቅርጫቷን ደጃፍ አስቀምጣ ገብታ ማየት ትችላለች።

የመልክ ጉዳይ ለምን እንዲህ ያስጨንቃል ለሚሉ አንባቢያን ከራሳችን ታሪክ አንድ ነገር ላንሣ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የተጓዘ ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ያየውን ጽፎ፣ ፎቶግራፍ ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳተመ። የንጉሡ ስም አለ፣ የጦር አዝማቾቹ ስም አለ። በዚያ ጦርነት ባል የሞተባቸው፣ ከብት የተነዳባቸው፣ ራሳቸውም ተማርከው የተወሰዱ የወላይታ እናቶች ግን በቁጥር እንጂ በስምና በመልክ አልተቀመጡም። አያትዎን የወለደችውን ሴት መልክ የሚነግርዎ ሰው ዛሬ አለ?

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ሠዓሊ ታደሰ ካስተማሯቸው ብዙ ተማሪዎች አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ አበባ የተወለደው ተስፋዬ ከእርሳቸው ዘንድ ተምሮ ወደ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ሄደ፤ በዚያም ለዓመታት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ከተማ በሚካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት፣ በቢየናሌው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት በዚያ የተሰቀሉት ሥዕሎች የተስፋዬ ነበሩ። የእርሱ ሰዎች ከመምህሩ ሰዎች የተለዩ ናቸው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው፣ እጅና እግራቸው ተጠላልፎ፣ ቆዳቸው እንደ ቆሰለ በብዙ ቀለም ተዥጎርጉሮ ይታያሉ። ዓይናቸው ግን ተመልካቹ ላይ ነው። በስደት አገር የተገፋ፣ የተጠረጠረ፣ ግን ያልተሰበረ ሰው ዓይን ነው።

ይህን ሥዕል ከሌላው ይልቅ የእኛ አካባቢ እናቶች ያነቡታል ብዬ አምናለሁ። ከወላይታ፣ ከሐድያና ከከምባታ በኬንያ በኩል አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጡ ልጆች ስንት ናቸው? በየሰፈሩ አንድ ስልክ የምትጠብቅ እናት አለች። ልጇን የምታየው በስልክ ምስል ነው፤ ምስሉም ዘወትር የሚያሳየው አዲስ ልብስና ሱቅ ነው። እንዴት እንደሚያድር፣ ስንት ሆነው በአንድ ክፍል እንደሚተኙ ልጁ አይልክላትም። ተስፋዬ የሣለው ልጁ የማይልከውን ፎቶግራፍ ነው። የመምህሩ ሥዕል እናቲቱን ሲያሳይ የተማሪው ሥዕል ልጁን ያሳያል ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እንግዲህ የሚሄዱበትን ቦታ ልጠቁምዎ። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለሥዕል ብቻ ተነሥተው ይሂዱ አልልም። ግን ለሕክምና፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ መሄድ አይቀርም። አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ልጆች ሁሉ የሚያውቁት በሉሲ፣ በድንቅነሽ ነው። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ከታች ወርዶ እርሷን ካየ በኋላ ደክሞት ይወጣል። ፎቁ ላይ ሥዕል አለ፤ ደረጃውን ይውጡት። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ሲሆን ከጀርመን የተመለሱ የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎችን ይዟል፤ የዘመኑ ሠዓሊያን ትርዒትም ይካሄድበታል። የሚታየው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመሄድዎ በፊት ያለውን ትርዒትና የሚከፈትበትን ሰዓት ይጠይቁ።

ልጆች ይዘው ከሄዱ ሁሉንም ሥዕል ለማሳየት አይድከሙ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ሆድ የባሰው ልጅ ሥዕል አያይምና ምሳ አብልተዋቸው ይግቡ። ሥዕል በእጅ እንደማይነካ ደጃፍ ላይ ይንገሯቸው፤ የእጅ ወዝ ቀለሙን ስለሚጎዳ ነው። ከዚያ አንድ ሥዕል ፊት ቁሙና እርስዎ ዝም ይበሉ። መጀመሪያ ልጁ ይናገር። ይቺ ሴት ምን ያህል ጊዜ የቆመች ይመስልሃል? ደክሟታል? ማንን ነው የምታየው? ብለው ይጠይቁት። «ቆንጆ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ያንን ከጠየቁ ልጁ አዎን ወይም አይደለም ብሎ ይገላገላል። የወንድ ልጅዎን መልስ በተለይ ልብ ይበሉ። ባለቤትዎንም አይተዉት፤ ሥዕል ማሳየት የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም።

ለሴት ልጅዎ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩላት። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ቀደም ብለው ከወጡትና የራሳቸውን ትርዒት ካቀረቡት ሠዓሊያን መካከል ደስታ ሐጎስ የተባሉ ሴት እንደሚገኙ ይንገሯት። የሚሣሉትን ሴቶች ብቻ ሳይሆን የሚሥሉትንም ትወቅ።

አዲስ አበባ የማይሄዱ ብዙ አንባቢያን እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ የቀረበ ሥራ አለ፤ እርሱም የእናታቸው መልክ ነው። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የተመራቂው ልጅ ፎቶግራፍ አለ፣ የሙሽሮቹ አለ፣ በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆመ አጎት አለ። እናት ግን ወይ ጓዳ ነበረች፣ ወይ ሕፃን ይዛ ከዳር ተቆርጣለች። ያላት አንድ ፎቶግራፍ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ነው። ስትሞት ያቺው የጣት ጥፍር የምታክል ምስል ወደ ፎቶ ቤት ተወስዳ፣ ደብዝዛና ተለጥጣ ድንኳን ውስጥ ትሰቀላለች። ለቀስተኛውም «እርሷን አትመስልም» ይላል። እውነቱን ነው፤ መታወቂያ የሚነሣ ሰው ማንንም አይመስልም።

ስለዚህ ለጊፋታ ቤተሰብ ሲሰባሰብ፣ አባቶች በሬውን ሲያርዱ፣ እናቶችም ዓመቱን በማኅበር ያጠራቀሙትን ቅቤ ሲያወጡ፣ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲነሣ፣ እናትዎን ከጓዳ ይጥሯት። ልብሴን ልቀይር ብትልዎ ትቀይር፤ አልቀይርም ብትልም ባለችበት ይሁን። ከበሩ በሚገባው ብርሃን ፊት ትቁም፤ ፀሐይ ላይ ካቆሟት ዓይኗን ትጨፍናለች። ከላይ ወደ ታች አያንሷት፤ እርስዎ ዝቅ ይበሉ። ሳቂ እያሉ አያስጨንቋት። እጇ እንዲታይ ያድርጉ፤ የሠራ እጅ ነው። አንሥተው ሲጨርሱም ስልክ ውስጥ አይተዉት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። በወረቀት ያሳትሙትና ከጀርባው ሙሉ ስሟን ከነአባቷ፣ ዓመተ ምሕረቱንና የምትሸጥበትን ገበያ ወይም የምትሠራበትን ቦታ በእርሳስ ይጻፉበት።